አዲሱ ቋንቋና የመምህሩ ዝውውር

«ሐጂ፣ የሱቅዎ የሽያጭ ፕሮግራም የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ እኮ ሞቷል» አለኝ ዛሬ ጠዋት፣ ኮምፒውተር የሚያስተምር ደንበኛዬ።

የሞተው ቋንቋ በዚያው ሰዓት የባጃጅ ጎማ እያሻሻጠኝ ነበር።

በአዲስ ቋንቋ እንደገና ልጻፍልዎ፣ በጣም ይፈጥናል አለ። ፍጥነቱን አልጠላሁም። ግን መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ ፕሮግራሙ ከቆመ ሱቄም ይቆማል።

«ቢበላሽ አሶሳ ውስጥ ማን ይጠግነዋል?»

«እኔ አለሁልዎ።»

«ሌላስ?»

«ለጊዜው እኔ ብቻ።»

«መምህር፣ ዘንድሮም ዝውውር ጠይቀሃል?»

ሳቀ። «ባለቤቴ ባሕር ዳር ናት፣ ምን ላድርግ ሐጂ?»

አሮጌውን የሚጠግኑ ሰዎች እዚሁ ከተማ አሉ። አዲሱን የሚችል ሁለተኛ ሰው ሲመጣ እንነጋገራለን ብዬ፣ ለሞተር ሳይክሉ የፈለገውን ካንዴላ ሰጠሁት።

እናንተስ፣ አዲስ ነገር አስገብቶላችሁ በዝውውር የሄደ ሰው አለ? ከዚያ በኋላ ማን ጠገነላችሁ?