ትከሻዋን ያመማት ፀጉር ሠሪ

የፀጉር ቤቱ ደንበኞች «ሬዲዮ» ይሏታል። እጇ ሲሠራ አፏ አያርፍም፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የቀበረች ሴት እንኳ ምኑንም ሳትሰማ አብራ ትስቃለች። ለዓመታት የጠበቀችው እርግዝና የመጣ ሰሞን ግን ወሬውን ዋጥ አደረገችው። የነገረችው ለባሏና ለእናቷ ብቻ ነው።

ዕድሜ ልኳን የማገችው የፀጉር ቀለም ሽታ በድንገት ጉሮሮዋን ያንቃት ጀመር። ደንበኛ ግማሽ ራሷን ተቀብታ እያለች ጥላት ወደ መታጠቢያ ቤት ትሮጣለች። ጡቷን ልብስ ሲነካው ያማታል፤ እንቅልፍ ቆማ ይወስዳታል። አንዲት ሴት ረጅም ፀጉሯን አሳጥሪልኝ ብትላት፣ መቀሱን እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ እኔ ነኝ እኮ ማልቀስ ያለብኝ!» አለች ሴትየዋ።

እናቷ ይህን ስትሰማ ፈነደቀች። «እሰይ! እኔም አንቺን ሳረግዝ አባትሽን ዓይኑን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።»

«የኔ ተራ መቼ ነው?» አለ ባሏ።

«አንተን እስካሁን ችዬሃለሁ» አለችው።

ከዚያ ትንሽ ቡናማ ደም ታያት። እናቷ «አንዳንዴ ያጋጥማል፣ አይዞሽ» አለቻት። ቀጥሎ ከሆዷ በታች፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ውጋት መጣ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከአፏ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰላት። የሐኪም ቀጠሮዋም ቅርብ ነበር፤ እስከዚያ ጥርሷን ነክሳ ልትችለው ወሰነች።

ትከሻዋን ሲያማት ግን አልፈራችም። ቀኑን ሙሉ የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተሸክማ የምትውል ሴት ትከሻዋን ባያማት ነው የሚገርመው። እናቷ ቅባት አሽታ ለቀቀቻት።

ቅዳሜ ረፋድ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት ደንበኛ በመስታወት አሻቅባ አየቻት። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል።»

«መብራቱ ነው» አለች። ቀዝቃዛ ላብ ጀርባዋን አረጠበው። ፎኑ ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ተከተለችው።

ፀጉር አጣቢዋ ደግፋ አነሳቻት። «እርጉዝ ነሽ አይደል? ስንቴ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሮጪ አይቻለሁ። የቱ ጋ ነው ያመመሽ?»

«ትከሻዬን... ሆዴንም።»

ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ ሆዷ ላይ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን አሳረፈችና ፊቷ ተለወጠ። «ጽንሱ ማህፀን ውስጥ አይደለም፤ የማህፀን ቱቦው ውስጥ ነው ያደገው። ቱቦው ፈንድቶ ሆድሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ትከሻሽንም ያመመሽ ደሙ ወደ ላይ ወጥቶ ነርቭ ስለነካ ነው።»

«ልጄስ?»

«አሁን አንቺን እናትርፍ» አለች ሐኪሟ፣ አልጋውን ራሷ እየገፋች።

ተረፈች። አንዱ ቱቦ ወጣ፣ አንዱ ቀረ። ሐኪሟ ሌላ ጊዜ ልታረግዝ እንደምትችል፣ ግን ገና እንደጠረጠረች መምጣት እንዳለባት አስጠነቀቀቻት። እናቷ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ «ያዘናጋሁሽ እኔ ነኝ» ስትል፣ ልጇ እጇን ያዘችላት።

ሰውነቷ ግን እርግዝናው ማብቃቱን ገና አልሰማም ነበር። ቤቷ ከገባችም በኋላ ያጥወለውላታል፣ ጡቷ ያማታል። ባሏ ሊያቅፋት ሲል «ቀስ» ትለዋለች፤ እሱም ለምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጠዋት ስትነቃ ምንም አላመማትም። ቀሚሷን ለበሰች፣ ደረቷን በመዳፏ ጫን አድርጋ ሞከረችው። ምንም። አልጋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ባሏን ጠራችው።

«ሄደ» አለችው።