ከዘሩ ጋር የታሰረው ድርቆሽ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ አመሩድ ከሚባለው ሰፈር ፎቆች ጀርባ በሚያልፈው የእግር መንገድ ዳር በጊዜያዊነት ተቀጥሬ መስክ አጭድ ነበር። እዚያ ዘሩ ሲደርቅ የሚንሿሿ ቢጫ አበባ አለ። በየዓመቱ ከዘሩ ካልበቀለ ይጠፋል፤ ስለዚህ ድርቆሹ ዘሩን እስኪያራግፍ ሦስት ቀን መሬት ላይ ይቆያል። ይህን ያስተማረን ራሱ አለቃችን ነው።

ባጨድን ማግስት ግን አንድ ነዋሪ «መንገዱ ተዝረከረከ» ብሎ ደወለለት፤ አለቃችንም ከረጢት ተሸክሞ መጣ።

«ዛሬውኑ ሰብስቡት!»

«ዘሩስ?» አልኩት።

«ገጣሚዋ ደግሞ ጀመረች» ብሎ ሳቀብኝ።

አብረውኝ የሚሠሩት ኤርትራዊ አዛውንት በአማርኛ «ተይው ልጄ፣ ቋሚ ልትሆኚ ነው፤ ለሣር ብለሽ የእንጀራ ገመድሽን አትበጥሺ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። መንሹን መወርወር ነበረብኝ፤ አልወረወርኩትም። ድርቆሹን ስከተው ዘሩ ከረጢቱ ውስጥ ይንሿሿል፣ አብራው የገባች አንዲት ንብም ታጉረመርማለች። ንቧን ብቻ አወጣኋትና ከረጢቱን አሰርኩት።

ቋሚ ሆንኩ። ዘንድሮ መስኩ ሣር ብቻ ነው። አንዲት እናት ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች መጥታ «ቢጫዎቹ አበቦችስ?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብዬ አምባረቅኩባት። ልጇ ደንግጦ አለቀሰ።