ወደ ድብ ባሕር የሚወርደው ባቡር

አላምረውና መርጌታ ኪዳነ ማርያም በራችንን ያንኳኩት ገና ሲነጋጋ ነው። እኔ ጓሮ ሆኜ አረንጓዴ ቀለም የነከርኩትን ሰጋቱራ በጆንያ ላይ አሰጣ ነበር። መርጌታ ጎረቤታችን ናቸው፤ ብቻቸውን ቢመጡ ምንም አልጠረጥርም ነበር። አላምረው ግን በዚያ ሰዓት ደባርቅ መሆን ነበረበት። ባለቤቴን ዋኘውን ከትናንት ወዲያ በሚኒባሱ ይዞት የሄደው እሱ ነው። ከኋላቸው የዕድር ሴቶች ቆመዋል።

«እትዬ ይመኙሽ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለኝ አላምረው።

«ዋኘው የት አለ?»

አላምረው ኮፍያውን አወለቀ። መርጌታ ክንዴን ያዙኝና፣ «አምላክ ያጥናሽ፣ ልጄ። ደባርቅ አልጋ ይዘው ሳሉ ደረቴን አለ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ» አሉኝ።

እጄ እስከ ክንዴ ድረስ አረንጓዴ ነበር። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ያየው ያንን እጅ ነው። ቀለሙ እስከ ሰልስቱ አልለቀቀኝም።

ዋኘው ሹፌር ነበር። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ ድብ ባሕር፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሽሬ፣ መጀመሪያ በጭነት ማኪና ኋላም በአውቶቡስ ጠጉሩ እስኪሸብት ተመላልሷል። እኔንም ያገኘኝ በዚሁ መንገድ ነው። ድብ ባሕር የእናቴ ቤት ከመንገዱ ዳር ነበር። አንድ ቀን ለራዲያተሩ ውሃ ሊለምን ገባ። ከዚያ ወዲያ ማኪናው ድብ ባሕር በደረሰ ቁጥር ውሃ ይጠማው ጀመር።

በጭነት ማኪናው ዘመን ረዳቱ ይባረክ ነበር። የይባረክ ወላጆች እዚሁ ጎንደር አጠገብ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው የሚያድሩ ቤተ እስራኤሎች ናቸው፤ ኋላ መላው ቤተሰብ ወደ እስራኤል ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጁ ሳሪት የአባቷን አገር ልታይ መጥታ ቤታችን ገባች። አንድ ካርቶን ይዛ ነበር። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ከመዳፌ ብዙም የማይረዝም ባቡር፣ ጥቂት ፉርጎዎችና ዙሪያ ክብ የሆነ ሐዲድ አለ።

«አባዬ ምን አለ መሰለህ» አለችው ሳሪት። «አያ ዋኘው ጡረታ ቢወጣም የሚነዳው አይጣ።»

ዋኘው ከልቡ ሳቀና ካርቶኑን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው። እዚያው ከረመ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ከሊማሊሞ ወዲያ ያለው መንገድ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ድብ ባሕር ያለችው እህቴ ሞተች። መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት። ዋኘው መናኸሪያ ሄዶ የሚያውቃቸውን ሹፌሮች ሁሉ ጠየቀ፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ዕድሜዬን በዚያ መንገድ ፈጅቼ አንቺን አንድ ቀን ላደርስሽ አቃተኝ» አለ።

በሳምንቱ ካርቶኑን አወረደው።

ልጃችን ምስጢር አግብታ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ አንደኛው ክፍል ባዶ ነበር። ግድግዳውን ተከትሎ ጣውላ ዘረጋበት፤ ጎንደር በመስኮቱ በኩል፣ ደባርቅ በወዲያኛው ጥግ። ሐዲዱ ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅ አልፎ ድብ ባሕር ላይ ያበቃል አለኝ።

«ለድብ ባሕር ባቡር ምን ያደርግላታል?» አልኩት።

«አንቺን የጫንኩት ከዚያ ነው። መልሼ ማድረስ አለብኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ካርታ ይፈልግ ነበር። ዋኘው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና ሁለት እጁን እንደ መሪ ዘረጋ። ለእኔ ጠመኔ ሰጠኝ። እሱ ይነዳል፣ እኔ ጣውላው ላይ አሰምራለሁ። «ወደ ግራ… አሁን ቀጥ… ማርሽ ቀነስኩ» ሲል ዳገት ማለት ስለሆነ ከጣውላው ሥር ሽብልቅ እናደርጋለን። አንዳንዴ እግሩ ሳያስበው ፍሬን ይረግጣል። «ምነው ቆምክ?» ስለው፣ «በግ ገባብኝ» ይለኛል፤ ዓይኑን አይገልጥም። የአምባ ጊዮርጊስን ገበያ በቀስታ ነበር የሚያልፈው። እንደዚህ እያልን በአንድ ክረምት ከጎንደር እስከ ደባርቅ አሰመርን።

የሰፈሩ ሰው አላገጠ። ጎረቤቴ ዓይናለም በር ላይ ይዛኝ፣ «ጡረታ የወጣ ሰው ጸበል ይጠመቃል እንጂ እንደ ሕፃን መጫወቻ ይጎትታል?» አለችኝ። እኔም፣ «አንቺ ብቻ ቲኬትሽን ቁረጪ» አልኳት። ያን ጊዜ ገና ባቡሩ ከክፍሉ በር አልደረሰም ነበር፤ ግን ሲሠራ አይቼው ስለማውቅ አላፈርኩም።

ተራሮቹን በዶሮ ሽቦ ቅርጽ ሰጥቶ፣ ጋዜጣ በኮላ ለጥፎበት ጄሶ ቀባው። እርሻውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰጋቱራ በአረንጓዴ ነክሬ አደርቃለሁ፤ ለጤፉ ፈዘዝ ያለ፣ ለገብሱ ወደ ቢጫ የሚወስደውን። ለአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሰዎች ከክብሪት እንጨትና ከጨሌ ሠራሁ። ሐዲዱ ባነሰ ቁጥር ይባረክ ከእስራኤል በሚመጣ ሰው ሁሉ ይልካል። ዋኘው መጋጠሚያዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚያያይዛቸው፤ ጥፍሩን ያዝ ካደረገው ፈቶ እንደገና ይጀምራል። ባቡሩ ሲያልፍባቸው ድምፁ አይቀየርም።

መርጌታ በየቀኑ እየመጡ ያያሉ።

«አንተ ዋኘው፣ ጎንደር እኮ ባቡር የላትም» አሉት አንድ ቀን።

«አሁን አላት።»

«እንግዲያው አገሬን መካነ ብርሃንን አስገባልኝ።»

«መርጌታ፣ መካነ ብርሃን በዚህ መንገድ ላይ አይደለችም።»

«በሌለበት ባቡር ያመጣህ ሰው መካነ ብርሃንን ሁለት ስንዝር ብታስጠጋልኝ ምን ትሆናለህ?»

«ሹፌር መንገድ አያጣምምም» አላቸው። መርጌታ ከዚያ በኋላም በመጡ ቁጥር ይጠይቁት ነበር፤ አንድም ቀን እሺ አላላቸውም።

ባቡሩ ደባርቅ የገባበትን ቀን አልረሳውም። የጥምቀት ሰሞን ነበር። ዋኘው ሳይነግረኝ አብረውት የነዱትን ሽማግሌ ሹፌሮች ጠርቶ ክፍሉን ሞሉት። ባቡሩ ከጎንደር ሲነሳ እየሣቁ ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፍ ሣቃቸው ቆመ። አንዱ ጎንበስ አለና ጣቱን ከዳባት መለስ ብሎ ባለች ኩርባ ላይ አደረገ። «እዚህች ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ አድሬያለሁ» አለ። ሌላው ቀጠለ፤ «ይቺን ዳገት እይዋት፣ ሞተር ያፈላችብኝ እሷ ናት!» እያንዳንዱ የራሱን ቦታ አገኘ። ማንም ስም አልጻፈበትም፤ መንገዱን በመዞሪያው ለዩት። ዋኘው መቆጣጠሪያውን ይዞ ቆሟል። ወደ እኔ ዞር ብሎ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ሠርጋችን ቀን እንኳን እንደዚያ ኮርቶ አላየሁትም። ዓይናለምም ከበሩ ሥር ቆማ ታይ ነበር፤ ቲኬት አልጠየቅኋትም።

የቀረው ሊማሊሞ ነው። ደባርቅን በደረቴ ከፍታ፣ ድብ ባሕርን በጉልበቴ ከፍታ አድርጎ፣ መካከሉን ገደል አደረገው። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ፣ እኔም አሰመርኩ። ሐዲዱን እያንዳንዷን ኩርባ ተከትሎ አነጠፈና ባቡሩን ለቀቀው። በመጀመሪያው ኩርባ ተንገዳገደ። በሁለተኛው ከሐዲዱ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንድ ፉርጎ ተሰበረ።

ስህተቱ ቀላል ነው። ለባቡሩ የአውቶቡስ መንገድ ነው የሠራለት። አውቶቡስ የሚዞራትን ኩርባ ባቡር አይዞራትም፤ ይህን ከጎንደር እስከ ደባርቅ ድረስ የኩርባዎቹ ስፋት ሸፍኖለት ነበር። ኩርባውን አሰፋው፤ ክፍሉ አልበቃ አለ። ሽቅብ ሞከረ፤ ጎማው እየተሽከረከረ ባቡሩ ካለበት አልንቀሳቀስ አለ።

«ዋሻ አስገባበት» አልኩት።

«ሊማሊሞ ላይ ዋሻ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የለም።»

ወራት አለፉ። መንገዱ ከተከፈተ ቆይቶ ነበር፤ እኔም ድብ ባሕር ሄጄ የእህቴን መቃብር አይቻለሁ። እሱ ግን ያንን እንደ ማድረስ አልቆጠረውም፤ የወሰደኝ ሌላ ሹፌር ነበርና። ወደ ክፍሉ መግባት ተወ። አቧራውን እኔ እጠርግ ነበር።

አንድ እሑድ ይባረክ በዋትሳፕ ደወለ። ፊቱ ስልኩን ሞልቶታል።

«አያ ዋኘው፣ ምነው ጠፋህ? ባቡሩ ደባርቅ አደረ እንዴ?»

«ሊማሊሞ ጣለኝ።»

«አንተን? በስንተኛው ኩርባ?»

«በሁለተኛው።»

ይባረክ ሣቀ። «እኔ ታኮ ሳልይዝልህ ምን ልትሠራ ገባህ እዚያ?»

ዋኘው ስልኩን ለእኔ አቀብሎኝ ተነሳ።

«የት ሄደ?» አለኝ ይባረክ። «ተቀየመኝ እንዴ?»

አልተቀየመም። በጭነት ማኪናው ዘመን ማኪናው ረጅም ስለነበር የሊማሊሞን ጠባብ ኩርባ በአንድ ጊዜ አይዞርም። ዋኘው የማኪናውን አፍንጫ እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ያስገባል፤ ይባረክ ዘሎ ወርዶ ታኮውን፣ ያንን ትልቅ ድንጋይ፣ ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፤ ከዚያ ማኪናው ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ወደ ፊት ይሄዳል። እኔም ተሳፍሬ ብዙ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ አልፌዋለሁ።

ዋኘው የሊማሊሞን ሐዲድ በሙሉ ነቀለው። አዲሱ ኩርባው ላይ አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ እስከ ገደሉ ጫፍ ሄዶ ያበቃል። ባቡሩ እዚያ ይቆማል። ዋኘው የሐዲዱን ማዞሪያ ሲቀይርለት በጀርባው ወደ ታችኛው ሐዲድ ይወርዳል። በሚቀጥለው ጫፍ ቆሞ ደግሞ በፊቱ ይወርዳል። መንገዱም አልተጣመመም፣ ዋሻም አልገባበትም። ጫፎቹን ታኮ ብሎ ጠራቸው፤ አንደኛ ታኮ፣ ሁለተኛ ታኮ፣ ሦስተኛ ታኮ። በየጫፉ ባቡሩን የምታግድ አንዳንድ ጠጠር ያስቀምጣል፤ ጠጠሯ ከራሱ ከሊማሊሞ ካልመጣች አይቀበልም፤ አላምረው በተመላለሰ ቁጥር ያመጣለት ነበር።

ሁለተኛው ታኮ ባለቀ ጊዜ ለይባረክ በስልኩ አሳየው። ባቡሩ ቆመ፣ ወደ ኋላ አለ፣ ወረደ። ይባረክ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«ሸጋ ነው፣ አያ ዋኘው» አለ። «ግን ታኮዋን በደንብ አልሸጎጥካትም። ረዳትህ ብሆን ትሰድበኝ ነበር።»

«አንተ መጥተህ ሸጉጣት።»

ከሦስተኛው ታኮ እስከ ድብ ባሕር ያለውን ሐዲድ ከማንጠፉ በፊት ቦታውን በዓይኔ አይቼ ልምጣ ብሎ ነው ከአላምረው ጋር የሄደው። የድብ ባሕርን ጣቢያ ከካርቶን ሠርቶ ጨርሷል፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሶታል። የት እንደሚያቆመው ግን አልወሰነም ነበር። ሲመለሱ ከደባርቅ ደወለልኝ። «አግኝቼዋለሁ» አለኝ። «ስመጣ አሳይሻለሁ፤ አንቺ ሰጋቱራውን አድርሺ።» ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አላምረው ዕቃውን አመጣልኝ። ስልኩ፣ ኮፍያው፣ መነጽሩ፣ ከኮቱ ኪስ ደግሞ አንዲት ጥቁር ጠጠር።

«ይቺን ልጥላት ነበር» አለኝ። «ከመውረጃው ላይ አቁም ብሎኝ ራሱ ወርዶ የለቀማት ናት።»

ክፍሉ እንደተወው ነው። ሰው ሲመጣ አሳያለሁ፤ መቆጣጠሪያውን መያዝ ለምጃለሁ። ባቡሩ ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስን በቀስታ ያልፋል፣ ደባርቅ ይቆማል፣ ሊማሊሞን በፊቱና በጀርባው እያለ ይወርዳል። አንድም ቀን አልወደቀም። መርጌታ አሁንም መካነ ብርሃንን ይጠይቃሉ፤ እኔም መንገድ ላይ አይደለችም እላቸዋለሁ።

ጠጠሯን ሦስተኛው ታኮ ላይ አድርጌያታለሁ። ከዚያ በታች ያለው ጣውላ ባዶ ነው። በመርዶው ዕለት የነከርኩት ሰጋቱራ ደርቆ በጆንያ ተቋጥሯል። የድብ ባሕር ጣቢያ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ዋኘው ያገኘለት ቦታ የት እንደሆነ አላውቅም። ከሦስተኛው ታኮ እስከ ድብ ባሕር ያለው ሐዲድ አልተነጠፈም።