የመልአኩ አረንጓዴ ፊት

ባለፈው ሳምንት የምረቃ ፎቶ ልነሳ ገብቼ፣ ፎቶ አንሺው መብራቱን ወደ ፊቴ እያዞረ «ጠይም ስለሆንሽ ትንሽ ልጨምርልሽ» አለኝ። ጠይም። ይህቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ አረንጓዴ ፊት ነው። ሳቄ አመለጠኝ፤ ፎቶው ላይም እንደዚያው ወጣሁ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት አሶሳ ነው። ሥዕል መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን ያወቅሁ መስሎኛል። ለዕረፍት ቤት ስገባ የሰፈራችን ሚካኤል ታድሷል፤ ከዋናው በር በላይ ያለችው ክብ መስኮት ብቻ ባዶዋን ቀርታለች። እናቴ ሳታማክረኝ ለሕንፃ ኮሚቴው «ልጄ ባለቀለም መስታወት ትሠራለች» ብላ ኖሯል። እኔ በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ትሪ የምታክል ነገር ነው። ቢሆንም እችላለሁ አልኩ። ለሰኔ ሚካኤል ይደርሳል አልኩ።

መቁረጡ ላይ ግን እጄ አይረባም። ስለዚህ ገበያው አጠገብ የመስኮት መስታወት የሚቆርጡ ጋሽ ሐሚድ የሚባሉ የበርታ ሰው ጋ ሄድኩ። መቁረጫዋን ጋዝ ውስጥ ነክረው አንዴ ብቻ ይስቧታል፤ ከታች በጣታቸው መታ ሲያደርጉት መስታወቱ እንደ ብስኩት ለሁለት ይከፈላል። እኔ ሦስት አራቴ እየደጋገምኩ ስሰብር «ያ ቢንቲ፣ መስታወት ሁለቴ አይሰማም» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማንጎ እየበላን፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ባለቀለም መስታወት ቁራጭ በቁራጭ በእርሳስ ብረት እያያያዝን የመልአኩን ክንፍም ካባም ጨረስን።

ፊቱ ብቻ ሲቀር ባምባሲ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ደረሰ። መኪናው ደጅ ላይ ጥሩንባ እየነፋ «ፊቱን ጠይም ያድርጉት፤ ዓይኑን ስመለስ እስልበታለሁ» አልኳቸው።

ለፊቱ ያመጣሁትን ቡናማ መስታወት አንስተው «ይኼ ቡኒ ለምን...» ሲሉ፣ «በኋላ ጋሽ ሐሚድ፣ በኋላ» ብዬ ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ቄሱና የኮሚቴው ሰብሳቢ ሱቁ ውስጥ ቆመዋል። ጋሽ ሐሚድ ሥራውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ካባው ቀይ፣ ክንፉ ቢጫ፣ ፊቱ እንደ ጥሬ ማንጎ አረንጓዴ።

«ሆን ብሎ ነው» አለ ሰብሳቢው። «መልአካችንን መሳቂያ ሊያደርግ። ለእስላም አትስጡ ብዬ ነበር።»

እውነቱን ልናገር፣ ዝም አልኩ። ጥፋቱ ከእኔ ሲወርድ ቀለለኝ። ጋሽ ሐሚድ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እኔን ያዩ ነበር።

በኋላ አፌን ያስከፈተኝም ድፍረት አይደለም፤ ነገሩ አላስችል ብሎኝ ነው። «ግን ለምን አረንጓዴ?» አልኩ።

«አንተ ጠይም አለ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ጠይም አላውቅም። ከኩርሙክ፣ ከሱዳን ድንበር የሚመጣ ነጋዴ ጠየቅኩ። ጠይም ሰው በዐረብኛ አኽደር ነው አለ። ልክ ነው፣ እኛም እንላለን። እናቴ አኽደር ነበረ፣ ቆንጆ ነበረ። አኽደር ደግሞ ይኸው» ብለው አረንጓዴውን መስታወት ከፍ አደረጉ።

«እና አረንጓዴ ፊት ሲያዩ አልገረመዎትም?» አለ ሰብሳቢው።

«መልአክ ነው። እኔ መልአክ አላየሁም። አንተ አይተሃል?»

ቄሱ ሳቁ። ያኔ ነው የተነፈስኩት። «ቡናማው ለምን እንደመጣ ጠይቀውኝ ነበር። በኋላ ብያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ በኋላው ደርሷል፤ ፍቱት» አሉ ቄሱ።

እስኪመሽ እርሳሱን እያቀለጥን ስንፈታ ቀለም በቀለም ጠየቅኳቸው።

«ጥቁር ሰውስ?»

«አዝረግ።»

«እሱ ሰማያዊ አይደል እንዴ?»

«ሰማያዊ ነው።»

«ሰው እንዴት ሰማያዊ ይባላል?»

«አንተ ቀይ ሰው ትል የለም?»

እውነትም ቲማቲም የመሰለ ሰው አይቼ አላውቅም።

መስኮቷ ቡናማ ፊት ይዛ በዋዜማው ገባች። ሰብሳቢውም ቆይቶ ለሳሎኑ በር ባለቀለም መስታወት አዘዘን፤ አረንጓዴ እንዳይገባበት ብሎ አስጠንቅቆ።

አሁን ጋሽ ሐሚድ «ና» ብለው ደውለውልኛል፤ የቤት መስኮት የሚያሠራው ሰው በዝቶባቸዋል። እሄዳለሁ። ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግር በአረንጓዴው ፊት ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዝም ያልኩባትን ደቂቃ ግን እዘላታለሁ። ምን ያህል እንደቆየች እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ሲያዩኝ ነበርና ያውቃሉ። አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አሶሳ ስደርስ፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ የማነሳት እኔ ነኝ።