ወንድሜ ሙግት እና ሹፌር የሌላቸው ሙሽሮች

ታላቅ ወንድሜን የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሙግት» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የበር ጥበቃው ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት «እንደምን አደርክ?» ቢለው፣ «እንደምን እንዳደርኩ አንተን ምን አገባህ?» ስላለው። ጥበቃው ትንሽ አጋንኖ ይሆናል፣ ብዙ ግን አላጋነነም። እኔ «ጋሼ» ነው የምለው፤ በሕይወቱ «አጠፋሁ» ብሎ አያውቅም። ከሸክላ ፋብሪካ የተባረረው ስለ እሳቱ ሙቀት ከአለቃው ጋር ተከራክሮ ነው። ሚስቱ ጥላው የሄደችው መስኮቱ ይከፈት አይከፈት እያሉ አራት ዓመት ከተነታረኩ በኋላ ነው። አንዴ ትኩሳት ይዞት ሐኪሙ ቴርሞሜትሩን ቢያሳየው፣ «ዕቃህ ተበላሽቷል» ብሎት ተነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ሦስት ቀን እኔ ቤት ተኝቶ ሲቃዥ ሰነበተ። ሲሻለው «አላልኩም?» አለኝ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚህ ምድር ላይ የማይከራከራት ፍጡር አንዲት ብቻ ነበረች፤ አህያው። «ወይዘሪት» ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው የሆስፒታሉን አንሶላ አመላለሱ፤ የቆሸሸውን ከላይኞቹ የሕሙማን ክፍሎች እኔ ወደምሠራበት እጥበት ክፍል፣ የታጠበውን መልሰው ወደ ላይ። ዱላ አንስቶባት አያውቅም። ከጎኗ ቆሞ «ወይዘሪት፣ እንሂድ እስቲ» ይላታል፣ እሷ እስክታስብበት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። እኔን እህቱን በዚህ አክብሮት አናግሮኝ አያውቅም። መተዳደሪያው እሷና ጋሪው ነበሩ። ሌላ ሥራ የሚሰጠው ሰው እንዳይፈልግ ደግሞ በአካባቢው ያልተጣላው ሰው አልቀረም።

ሙሽሮቹ የመጡት ዝናቡ እንዳባራ ነው። ሦስት ነጫጭ መኪኖች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ሰው ይይዛሉ፣ መሪም ሹፌርም የላቸውም። ከታችኛው በር እስከ ላይኞቹ ክፍሎች በሽተኛና ጠያቂ ያመላልሳሉ ተባለ። ነጭ ስለሆኑ፣ እየተንቀራፈፉ ስለሚሄዱና ሰው ሁሉ ዞር እንዲልላቸው ስለሚጠብቁ፣ እኛ የእጥበት ክፍል ሴቶች «ሙሽሮቹ» አልናቸው። ለብቻቸው መንገድ ቢሠራላቸው ምንም አልነበረም። አልተሠራላቸውም። ክራንች የያዘው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ የጎረቤት ፍየሎች፣ አጥር ሥር የሚጋደሙት ውሾች፣ የጋሼ ጋሪ፣ ሁሉም የሚሄድባት አንዲት መንገድ ላይ ለቀቋቸው።

የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ሰብስቦን፣ «ሦስት ወር ለሙከራ ነው። ተቻችላችሁ ሂዱ። እንስሳት ካስቸገሩ ግን ከመንገዱ የሚወጡት እንስሳቱ ናቸው» አለን። ይህን ሲል የሚያየው ጋሼን ነበር። ጋሼም መልሶ አፍጥጦ አየው።

መኪኖቹን የምትቆጣጠረው አንዲት ወጣት ኢንጂነር ናት። ቀኑን ሙሉ ታብሌቷን ደረቷ ላይ ታቅፋ መንገዱን ትመላለሳለች። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ዘንድ መጥታ፣ «አባባ፣ ጋሪዎን ወደ ዳር ያስጠጉልኝ» አለችው።

«አባባሽ ቤትሽ ነው ያለው» አላት።

«እሺ። ጋሪዎን ግን ያስጠጉ።»

ፈገግታዋ ከአንገት በላይ ነበር። እኔም ያን ዕለት ጠላኋት። ለምን ብባል በቂ ምክንያት አልነበረኝም፤ ጫማዋ ንጹሕ ስለነበረ ይመስለኛል። እኛ በሳሙና ውኃ ውስጥ እየቆምን ጣቶቻችን ተላልጠው ነው የምንውለው።

ወይዘሪት መጀመሪያ የቆመችው በራሷ ፈቃድ ነው። አንዷ ሙሽራ ከኋላ መጥታ ደወሏን ስታቃጭል፣ ወይዘሪት ደንግጣ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሙሽራዋም ቀጥ አለች። «እባክዎ መንገዱን ይልቀቁ» አለች በሴት ድምፅ። ትንሽ ጠብቃ ክላክስ አሰማች። ወይዘሪት ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። በመስኮቶቹ ስምንት ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል። ጋሼ ጋሪው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

«አየሽልኝ አንቺ ልጅ?» አለኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ለእሱ ግን ያው ልጅ ነኝ። «ሰውን ሁሉ ዞር በል ሲሉ ከርመው ለወይዘሪት ቆሙ።»

አንጀቴ ራሰ። በማግስቱ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የደረቀ ዳቦ በሽርጤ ቋጥሬ መጣሁና «ስትቆም ስጣት» አልኩት። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ሥራው የሁለታችን።

አህያ ደደብ ነው የሚል ሰው ከአህያ ጋር ውሎ አያውቅም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወይዘሪት ትምህርቷን ጨረሰች። ደወል ስትሰማ ከዳር ወደ መሃል ትገባለች፣ ክላክስ ስትሰማ እግሯን ተክላ ትቆማለች፣ ከዚያ ዳቦዋን ትቀበላለች። ሐሙስ ሐሙስ ጋሼ ወገቡን ስለሚያመው ጋሪውን የምወስደው እኔ ነበርኩ፣ እኔም አሳምሬ አስቆማት ነበር። የእጥበት ክፍል ሴቶች በር ላይ ወጥተው በሳቅ ይፈርሳሉ። ሙሽራዋ ውስጥ የተቀመጡት አይስቁም። አንድ ቀን እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እናንተ ሰዎች፣ እኔ ምን አደረግኳችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። እኔም እንደዚያው። እኛ የተጣላነው ከእሱ ጋር አልነበረም፤ እሱ ደግሞ እንደ አጋጣሚ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፣ ምን ይደረግ?

በአራተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዋ እኛ ጋ እጥበት ክፍል ድረስ መጣች። ጋሼ አንሶላ እያወረደ ነበር። ታብሌቷን አዙራ ቪዲዮ አሳየችን። ሙሽሮቹ ካሜራ እንዳላቸው ማናችንም አላሰብንም ነበር። ጋሼ ከኪሱ ዳቦ ሲያወጣ ጥርት ብሎ ይታያል። የእኔን፣ የሐሙሱን አላሳየችም፤ ይኑራት አይኑራት አላውቅም።

«በአንድ ሳምንት አርባ ሦስት ጊዜ» አለች።

«አህያ ናት፤ ሲያሰኛት ትቆማለች» አላት ጋሼ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«እርስዎ ነዎት የሚያስቆሟት። የእኔ መኪና ስለሚያያት ይቆምላታል። የሌላ ሰው መኪና አይቆምላትም። እሷ ልዩነቱን አታውቅም፤ እርስዎ ግን ማወቅ ነበረብዎ።»

«ስለ አህያ ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ? መሪ የሌለው መኪና አምጥተሽ?»

«እንግዲህ ነግሬዎታለሁ» አለች ፊቷን አጥቁራ። «ለእርስዎ አዝኜ እንዳይመስልዎ። ለእሷ ነው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ንግግር ደማችንን አፈላችው፣ ከፊት የተናገረችውንም ሁሉ አስረሳችን። ጋሼ ቀኑን ሙሉ «ለወይዘሪት ከእኔ በላይ?» እያለ ሲብከነከን ዋለ። እኔም «ምን ታውቃለች፣ ዝም በላት» እያልኩ እሳቱን አራገብኩለት። እውነት መናገሯን ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ የሰማነው ድምፅዋን ብቻ ነበር፤ ድምፅዋን ደግሞ አንወደውም።

ከዚያ አስተዳዳሪው ጋሼን ቢሮው አስጠራው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረ። መንገዱ ላይ ማን ቀደመ አለ፣ ሙሽሮቹ አንሶላ ይሸከማሉ ወይ አለ፣ ፍየሎቹንስ ማን አናገራቸው አለ። ወረቀቱ እሱ ከመግባቱ በፊት ተፈርሞ አልቆ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ እንስሳ የሚጎትተው ጋሪ በግቢው ውስጥ አያልፍም፤ በታችኛው በር ወጥቶ በአስፋልቱ ዞሮ በኋላ በር ይገባል። ሥራውን አልቀሙትም፣ ይኸው ራሱ እንደ ውለታ ተነገረው።

«አስፋልቱ ይሻላል፣ ሰፊ ነው» አለኝ ሲወጣ። ያሸነፈ ሰው ነበር የሚመስለው። ወይዘሪት ከእኛ ምን እንደተማረች እሱም አላሰበ፣ እኔም አላሰብኩ። ማን ማንን እንዳበሸቀ ስንቆጥር ነበር።

አስፋልቱ ከድንጋይ ካባው ጠጠርና አሸዋ የሚያመላልሱ ገልባጭ መኪኖች የሚበሩበት ነው። ሰኞና ማክሰኞ በደህና አለፈ፤ ገልባጮቹ ክላክስ ሳይነኩ ሽው ብለው ስለሚያልፉ ወይዘሪት ዳሯን ይዛ ሄደች። ረቡዕ ጠዋት የታጠበው አንሶላ ስለበዛ እኔም ከኋላ እየገፋሁ አብሬ ወጣሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ አንድ ገልባጭ ጭነቱን ይዞ ቁልቁል መጣ። የጋሪያችን ጎን ወደ አስፋልቱ ገባ ማለቱን ሳያይ አልቀረም፣ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ለቀቀው።

ወይዘሪት ጆሮዋን ቀሰረች። ከዚያ ከዳር ተነስታ መሃል ገባችና እግሯን ተክላ ቆመች።

ጋሼ ልጓሙን በሁለት እጁ ይዞ ጎተታት። «ወይዘሪት፣ ተይ። ተይ እንሂድ» ይላታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጎትቷት ስለማያውቅ ምን እንደፈለገ አልገባትም። አንገቷን ወደ እሱ አዙራ ኪሱን አሸተተች። እኔ ጋሪውን ለቅቄ ቦይ ውስጥ ዘለልኩ። ጋሼን የጋሪው ዘንግ መትቶ ወደ ዳር ወረወረው፣ በዚያ ምክንያት ተረፈ። ወይዘሪት አልተረፈችም። አንሶላው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ከኋላ የሚመጡት መኪኖች በላዩ ላይ አለፉበት።

የገልባጩ ሹፌር በሩን ክፍት ትቶ ወረደ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጠና ያለ ሰው ነው።

«አይታኛለች እኮ» ይላል። «እያየችኝ ነው የገባችው። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አህያ አላጋጠመኝም።»

ጋሼ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። የጎማውን ምልክት በእርምጃ ለካ፣ ሹፌሩን ከልክ በላይ ፈጥነሃል አለው፣ ጥፋቱ የአንተ ነው ብሎ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው። ሹፌሩ ጎማው አጠገብ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ በሆዴ የነበረውን አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ጥፋተኛው እሱ ከሆነ ለጋሼ ሌላ አህያ ይተካለታል፣ ጋሼ ሥራው ላይ ይቆያል፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ከእኛ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ማለት ለጋሼ እንደሚከብደው ስለማውቅ ጎንበስ ብዬ ትከሻውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

«ጻፍ» አለው ጋሼ ፖሊሱን።

«ምን ልጻፍ?»

«መኪና ሲጮህ መሃል ገብታ እንድትቆም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዳቦ እየሰጠሁ። ሰውዬው ምንም አላደረገ። አጥፊው እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ።»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ አይከራከርም። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እናታችን ሳትሰማው ሞታለች፣ ሚስቱ ሳትሰማው ሄዳለች፣ አሁን ለአንድ ለማያውቀው ሹፌር ሰጠው። ተናደድኩበት። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየው።

«ብቻህን ነህ ያስተማርካት?» አለው ፖሊሱ፣ እየጻፈ።

«ብቻዬን ነኝ» አለ ጋሼ።

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ እህቱ ነዎት አይደል? አብረው ስለነበሩ ነው፤ የሚጨምሩት ነገር አለ?»

ጋሼ ቀና ብሎ አላየኝም። የወይዘሪትን ጆሮ በእጁ ያሻሽ ነበር።

«የለኝም» አልኩት።