ቢታ ያሏት ዱላ

ትናንት ነቀምቴ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቡርቃ ጃቶ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሹፌሩን «ቢታ! ቢታ!» አለችው፤ በኦሮምኛ ወደ ግራ ታጠፍ ማለቷ ነው። ባጃጁ ሲታጠፍ አዲስ የተላገ የዋንዛ እንጨት ሸተተኝ። በአካባቢው እንጨት የሚልግ ሰው ግን አልነበረም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ኡኬ ነበር። አባቴ ከጎጃም የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ኦሮምኛው ከሰላምታና ከገበያ ቃል አያልፍም። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ስላደግኩ ሁለቱንም እሰማለሁ፤ ብቻ በሁለቱም ብዙ አልናገርም፣ ዓይነ አፋር ነበርኩ። ግራኝም ነበርኩ። አባቴ ይህን እንደ በሽታ ነው የሚያየው። አንድ ክረምት የሹራቤን የግራ እጅጌ ጫፉን ሰፍቶ ደፈነው፤ እጄ ከረጢት ውስጥ እንደገባ የድመት ግልገል ሲንፈራገጥ ከረመ።

አምስተኛ ክፍል ስንደርስ የስፖርት አስተማሪያችን ጎልፍ የሚባል፣ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ የሚከቱበት ጨዋታ አመጣ። ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ «ጎልፍ መኪና አይደል እንዴ? መንጃ ፈቃድ ሊያወጣላቸው ነው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። አስተማሪው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሣሩን አሳጭዶ የቲማቲም ጣሳዎች መሬት ውስጥ ቀበረ። «የብረት ዱላ ውድ ነው፤ ለጀማሪ አያስፈልግም። ቀለል ያለ እንጨት ይሁን፤ ከወገባችሁ አይለፍ» አለን።

አንድ ነገር ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ አባቴ ዱላ ሊገዛልኝ እሺ ለማለት አልዘገየም። ገበያ ውስጥ የዶማና የምሳር እጀታ የሚጠርቡ ሽማግሌ የተማሪ ዱላም መሥራት ጀምረው ነበር። አባቴ ወፍራሙን አነሳና «ይሄ ይበረክታል» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንገት የእንጨት ኳስ ወረወሩልኝ። ቀለብኩት፤ በግራ። ከዚያ ከኋላቸው አንዲት ቀጭን የዋንዛ ዱላ መዘው ሰጡኝ። ኳስ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎኗ ከሌሎቹ በተቃራኒ ነበር።

«ኩን ቢታ፣ ኦቦ» አሉት አባቴን።

ይህቺ የግራ ናት ማለታቸው ነው። በኦሮምኛ ግን «ግዙ»ም ቢታ ነው፤ አባቴ የሚያውቀው ደግሞ የገበያውን ነው።

«ልንገዛ አይደል የመጣነው! ምን ያስቸኩላቸዋል?»

«ቢታ!» አሉ ሽማግሌው፣ እጄን እያመለከቱ።

«እሺ፣ ገዛን!»

ሳላርመው ዱላዋን አቀፍኩ። ሽማግሌው አዩኝና በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የታጨደ ሣር ሽታ፣ የጠዋት ጤዛና ኳሷ ጣሳ ውስጥ ስትገባ «ኳ» የምትለው ድምፅ ነው። አስተማሪው «አንቺ ዝምተኛ፣ ለካ የምታወሪው በእጅሽ ነው!» አለኝ። ነቀምቴ ላይ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር እንድጫወትም መረጠኝ። በሕይወቴ ከሰው መሀል ተመርጬ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን ጎረቤታችን የአባቴ ሱቅ በር ላይ ቆማ «ልጅዎ እኮ በቢታ ሁሉንም አሸነፈች!» አለችው።

«ደግሞ ምን ገዛች?»

«ኧረ በግራ እጇ ማለቴ ነው!»

በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። የገበያው ነገርም ተሰምቶ፣ ከዚያ ወዲያ አባቴ ባለፈ ቁጥር «ገዛን!» የሚሉት አልጠፉም።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዋንዛዋን ለሽማግሌው መልሶ በሌላ ለውጦ መጣ፤ ወይራ ነው፣ ቅቤ የጠጣ፣ ከፊተኛዋ የሚያምር። አረንጓዴ ገበር ያለው ማኅደርም ሰፍቶለታል። «ይኸው የቀኝ። ሰው ፊት እንዳይስቁብሽ» አለኝ። የድሮዋን መልስልኝ ልለው ፈለግኩ። በአማርኛም በኦሮምኛም አልወጣልኝም።

ነቀምቴ ላይ በቀኝ ቆሜ መታሁ። መጀመሪያ ሣር ቆረጥኩ፤ ቀጥሎ አየር መታሁ። ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው መሬት መሬት አየ። አባቴ ባዶውን ማኅደር ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል።

ሁለተኛ ዱላ አልጨበጥኩም። አባቴም ካረፈ ቆየ። የሚቆጨኝ ጨዋታው አይደለም። በዋንዛዋ ስመታ አንድ ቀን እንኳ አላየኝም፤ እሱ የሚያውቀው ያቺን የነቀምቴዋን ልጅ ብቻ ነው።

ያን ቀን ከነቀምቴ ስንመለስ ዝናብ የሚኒባሱን መስኮት ይመታ ነበር። «ጨዋታው ለአንቺ አልተፈጠረም እንጂ አንቺስ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። እጄ ቀዝቅዞ ስላገኘው ኡኬ እስክንደርስ በሁለት መዳፉ ይዞ እያሸ ሲያሞቅልኝ ቆየ። አላስተዋለ ይሆናል እንጂ፣ የያዘው ግራውን ነበር።