ሽፋን የማይወዱት ደንበኛ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው የመቅዲ ፎቶ ኮፒ ቤት የሐሙስ ደንበኛ አላት። ሽማግሌው ኮታቸው ክርኑ ላይ ነትቧል፤ ክራባታቸው ግን አንድም ቀን ላልቶ አያውቅም። የጥናት ተቋማት ስለ ግብር የጻፉትን ጥናት መቅዲ ከኢንተርኔት አውርዳ፣ ሽፋኑን አስቀርታ ታትምላቸዋለች።

"የማን እንደሆነ እንዳትነግሪኝ!" ብለው በርጩማው ላይ ይቀመጡና በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ ያነባሉ።

"ነጋዴውን አርባ ጊዜ አነሳ፣ ደመወዝተኛውን አንዴም! ይሄን ያስጠናው ነጋዴ ነው።"

መቅዲ ኮምፒውተሩ ላይ ሽፋኑን ታያለች። አልሳቱም። ያኔ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

ዛሬ ግን ወረቀቱ ቢጫ የሆነ አሮጌ ጥናት ከቦርሳቸው አወጡ። ሽፋኑን ራሳቸው ገንጥለው ሰጧትና እንደ ልማዳቸው እያሰመሩ አነበቡት።

"ይሄስ የማን ነው አባባ?"

"ነጋዴውንም ገበሬውንም ወቅሷል፤ የራሱን መሥሪያ ቤት ግን ጫፉንም አልነካ። አለቃውን የሚፈራ ሰው ነው የጻፈው፣ ልጄ።"

ፈገግ አሉ። ክራባታቸውን ላላ አድርገው፣ እያፏጩ ወደ አብነት ሰፈር ወረዱ።

መቅዲ ሽፋኑን ገለበጠችው። ከጀርባው የአጥኚው ፎቶ አለ፤ ፀጉሩ ጥቁር የሆነ ወጣት፣ ያንኑ ክራባት አንገቱ ድረስ አጥብቆ አስሯል።